የታጠበው ሲባጎ

ጥቅምት 5

ለውዷ የልጅ ልጄ፣ ለድንቢጥ፣

ይህን ደብዳቤ ቆመሽ እንዳታነቢው። በጥልቅ ሐዘን የማስታውቅሽ ጉዳይ አለኝ። ለሠላሳ አራት ዓመታት ይህን ቤት በቅንነትና በታማኝነት ሲያገለግል የኖረው የወንበሬ የኋላ ግራ እግር፣ በምስጥ ሕመም ሲማቅቅ ቆይቶ፣ ትናንት ቁርስ ላይ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ሟቹ ሦስት ወንድሞችና አንድ መደገፊያ ትቶ አልፏል። አደጋው በደረሰ ጊዜ እኔ በላዩ ላይ ስለነበርኩ፣ ከሐዘንተኞቹ ሁሉ ክፉኛ የተጎዳው የእኔ መቀመጫ ነው። ለቅሶ መድረስ የሚፈልግ ትራስ ይዞ ይምጣ።

ከሐዘኑ መለስ ስል ደህና ነኝ። ስልክ አያነሱም ብለሽ መቆጣትሽን አይቻለሁ። ጆሮዬና ስልክ ከተጣሉ ቆዩ፤ ሽማግሌ ገብቶም አላስታረቃቸውም። ወረቀት ይሻለኛል። ወረቀት ላይ ስትቆጪ አጥፌ ኪሴ እከትሻለሁ፤ ስልክ ላይ ግን መክተቻ የለሽም።

አሁን ወደ ቤትሽ። ሁለት ክፍል፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ግድግዳው የታመመ ሰው ፊት የመሰለ። የክሊኒክ ካርድ ክፍል ደመወዝ ቤት ያስከራያል እንጂ ቤት አይሞላም፤ ታዲያ ከምን ልጀምር ነው ያልሽኝ? ከምንም። አንድ ሳምንት ሙሉ ምንም እንዳትገዢ። ምንጣፍ ዘርግተሽ ኑሪበት። ጠዋት ሻይሽን ይዘሽ እግርሽ ወዴት እንደሚወስድሽ እይ፤ ወንበሩ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ከሥራ ስትገቢ ቦርሳሽን የት እንደምትወረውሪ እይ፤ መስቀያው የሚመታው እዚያ ነው። ሰው ዕቃ ገዝቶ ቦታ ሲፈልግለት ይኖራል። አናጺ ቦታውን አይቶ ነው ዕቃውን የሚሠራው። ኪስ ሲሳሳ ደግሞ ሰው ሁሉ አናጺ መሆን አለበት።

ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ በትከሻዬ ላይ አጮልቆ እያነበበ ነው። «ስማ፣ መጀመሪያ መስታወት ትግዛ በላት» ይላል። መስታወት በሌለበት ቤት ሰው ይኖራል ብሎ አያምንም። ሞኝም አንዳንዴ ይሳካለታልና፣ ከመስኮቱ ትይዩ የሚቆም አንድ አሮጌ መስታወት ብታገኚ መስኮትሽ ሁለት ይሆናል። እንዳልኩሽ አትንገሪው፤ ዳማ ስንጫወት ይኮራብኛል።

አያትሽ

በኋላ ያስታወስኩት፦ የአከራዬ፣ የባለቤቲቱ ልጅ ዛሬ ሜትር ይዞ መጥቶ ግድግዳውን ሁሉ ለካልኝ። በብረት ሜትር! ዕድሜ ልኩን በሲባጎ ሲለካ በኖረ ሰው ቤት! ከነጫማው ቢገባ ይሻለኝ ነበር።


ጥቅምት 21

ድንቢጤ፣

ሁለት ጥያቄ ጠይቀሽኛል። አንዱን እመልሳለሁ።

የምመልሰው ስለ ቀለሙ ነው። አራቱንም ግድግዳ ለመቀባት አትሩጪ፤ አንዱን ብቻ፣ በሩን ስትከፍቺ ፊት ለፊት የሚቀበልሽን ቀቢ። ሰው የሚያስታውሰው የተቀበለውን ነው። ቀለም ቤት ግቢና፣ «ሰው አዝዞት የተበላሸ፣ ያልወሰደው አለ?» በይ። ሁልጊዜ አለ። ባል አዝዞ ሚስት የመለሰችው ቀለም በርካሽ ይሸጣል። ከመቀባትሽ በፊት ግን እርጥበቱን ፍቀሽ አድርቂው፤ እርጥብ ግድግዳ ላይ ቀለም መቀባት ሳይታጠቡ ሽቶ መቀባት ነው።

መጋረጃውን ከመስኮቱ ራስ ላይ ሳይሆን ከጣሪያው ሥር ጀምረሽ እስከ ወለሉ ልቀቂው። አንሶላ ይበቃል። አጭር ክፍል ረጅም ቀሚስ ሲለብስ ቁመት ያወጣል። ያችን መሐል ጣሪያ ላይ የተንጠለጠለች አምፖልም ተያት፤ ከእሷ ሥር የተቀመጠ ሰው ሁሉ ምርመራ ላይ ያለ ይመስላል። ትንሽ መብራት ጥግ ላይ፣ ከትከሻሽ ዝቅ አድርገሽ አኑሪ። ማዕዘኑ ሲበራ ክፍሉ ይሰፋል።

ፀጉር አስተካካዩ ቀለሙ ሰማያዊ ይሁን ይላል። የሱ ሱቅ ሰማያዊ ስለሆነ ነው፤ ለሌላ ምክንያት አይደለም።

የመሥሪያ ጠረጴዛዬን ጣውላ በጭነት መኪና ልኬልሻለሁ። ሁለት ሣጥን ላይ ብታጋድሚው የምግብ ጠረጴዛ ይሆንሻል። «ለምን ነቀሉት?» እንዳትይ። ለምን እንደሆነ ሁለተኛው ጥያቄሽ ውስጥ አለ፤ ሁለተኛውን ደግሞ አልመልስም ብያለሁ። የባለቤቲቱ ልጅ ለመለካት ያህል ነው የለካው። አንዳንድ ሰው ወፍ ይቆጥራል፣ አንዳንዱ ግድግዳ ይለካል።

አያትሽ


ኅዳር 4

ይድረስ ለውድ አባባ፣

እንዴት ከረሙልኝ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ጣውላው ደርሷል። ሦስት ሰው ተሸክሞ ሲያወጣው ደረጃው ላይ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አየ። አጥቤ ዘይት ቀባሁት እንጂ አልላግኩትም። የመጋዙ ጠባሳ ሁሉ አለ፤ ልጅ ሆኜ በሚስማር ስሜን ልጽፍ ሞክሬ ጆሮዬን የተቆነጠጥኩበት ቦታ እንኳ አለ። ሻይዬን የማስቀምጠው እዚያች ላይ ነው። መስታወቱም ተገኘ፤ ጥጉ የተሰነጠቀ ነው፣ ስንጥቁን በመጋረጃው ጠርዝ ሸፍኜዋለሁ። ፀጉር አስተካካዩን ያመስግኑልኝ። ግድግዳው ግን ሰማያዊ አልሆነም፤ የተገኘው የተበላሸ ቀለም የበሰለ ብርቱካን ዓይነት ነው። ማታ ጥግ ላይ ያለችውን መብራት ሳበራ ቤቱ የሚሞቅ ይመስለኛል።

የመሥሪያ ጠረጴዛውን ከነቀሉት በምን ላይ ሊሠሩ ነው? አይመልሱልኝም፤ አውቃለሁ። ቢሆንም ጠየቅኩ።

አሁን አንድ ነገር ላማክርዎ። ሁለተኛዋን ክፍል ለደባል አዘጋጅቻታለሁ። ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ንጹሕ ነው፣ አይጠጣም፤ ነገር ግን ግትር ነው፣ ቀልዱም ያደክማል። ቀኝ ትከሻው ይይዘዋል መሰለኝ፣ ግን ሞቶ አይናገርም። ክፍሏ ውስጥ ሲገባ ገና ዱሮ የነበረባት እንዲመስለው እፈልጋለሁ። እዚህ አንድ አናጺ አግኝቼ ወንበርና የኮት መስቀያ ላሠራለት ነው፤ ልኩን ግን ሰውየውን መጠየቅ አልቻልኩም፣ ይጠረጥራል። ቁመቱ የእርስዎን ያህል ነው። በራስዎ ለክተው ሲባጎ ቢልኩልኝ?

ልጅዎ ድንቢጥ


ኅዳር 14

ድንቢጥ፣

ደባል! እኔ አንቺን እዚያ የላክሁሽ ካርድ እንድትደረድሪ ነው ወይስ ሽማግሌ እንድትሰበስቢ? ይህ ሰው ቤተሰብ የለውም? የልጅ ልጅ የለውም? ቀልዱ የሚያደክም ሰው ቤት አስገብተሽ እንቅልፍ ታጪያለሽ። እኔ ቀልደኛ ሽማግሌ አልወድም።

ፀጉር አስተካካዩ «ቀንተሃል» አለኝ። ፂሜን እየላጨኝ ስለነበር አልመለስኩለትም። ምላጭ ከያዘ ሰው ጋር አልከራከርም።

ይሁን፣ ገብቶ ላይወጣ ነገር፣ ክፍሏ በደንብ ትሠራለት። ወንበሩ የጠዋት ብርሃን በጎን በኩል ይምጣለት፣ ፊቱን አይምታው። አልጋው ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ሽማግሌ ሌሊት ግድግዳ ሲነካው ሬሳ ሣጥን ይመስለዋል። መስኮቱ ደረት ላይ ሰፋ ያለ ጣውላ ይሁንለት፣ ክርኑን ያሳርፍበታል። መንገድ የማያይ ሽማግሌ ሰው ነው የሚያየው፣ ከዚያ ሐሜተኛ ይሆናል። ሁሉን አትሙዪው፤ አንድ ግድግዳ ባዶ ተይለት፣ የራሱን ነገር ይስቀልበት።

ሲባጎው ፖስታው ውስጥ አለ። ታውቂያለሽ፣ እያንዳንዱ ደንበኛዬ በአናጺ ሱቄ ግድግዳ ላይ የራሱ ሲባጎ አለው። የመጀመሪያው ቋጠሮ ጉልበት፣ ሁለተኛው ክርን፣ የመጨረሻው እጅ ሳያቃስት የሚደርስበት ከፍታ። የሁሉ ሰው አለ፤ የሞቱት ሳይቀሩ አሉ። የእኔ ግን አልነበረም። አናጺ ለራሱ ወንበር አይለካም፤ ማን ያዝዘዋል? ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ፀጉር አስተካካዩ የሲባጎውን ጫፍ ወለሉ ላይ በእግሩ ረግጦ ያዘልኝ፣ እኔ ግድግዳውን ተደግፌ እጄን ዘረጋሁ። ስንተያይ ጊዜ ሁለት የልብስ ሰፊ ተለማማጆች መስለን ሳቅን።

የሴት አያትሽን፣ የእማማንም ሲባጎ አብሬ ልኬልሻለሁ። ቁመትሽ ቁመቷ ነው። ለራስሽ ወንበር ስታሠሪ በእሷ ለኪ።

አያትሽ


ኅዳር 29

ይድረስ ለውድ አባባ፣

ይቅርታዎን ለምኜ ልጀምር።

ሲባጎዎ ሙጫና መጋዝ ዱቄት ይሸት ነበር። ፖስታውን ስከፍት ሱቁ ውስጥ የቆምኩ መሰለኝና አለቀስኩ። ከዚያ ግን ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ በሳሙና አጠብኩት። አጥቤ መስኮት ላይ አሰጣሁት፣ በማግሥቱ ለአናጺው ሰጠሁት። እሱም ወንበሩን ሠራ፣ መስቀያውን መታ። ትናንት የእማማን ሲባጎ ከጎኑ ሳስተያይ ነው የገባኝ፤ ያልታጠበው የእሷ እንደነበረ ነው፤ ሲመጣ ከእሷ አራት ጣት ይበልጥ የነበረው የእርስዎ ግን ተኮማትሮ እኩሏ ሆኗል። መስቀያው ከልኩ አራት ጣት ዝቅ ብሎ ተመትቷል። ሲባጎውን ልኬልዎታለሁ፣ ይዩት። መስቀያውን ላስነቅለው?

ሌላው። ባለቤቲቱ ጋ ደወልኩ። ነገረችኝ። ቤቱን እስከ ጥር መጨረሻ ይልቀቁ ብለው በመስከረም ነው የነገሩዎት። በመስከረም! እርስዎ ግን ስለ ወንበር እግር ሞት ጻፉልኝ። ስቄ ለሥራ ባልደረቦቼ አነበብኩላቸው።

የት ሊገቡ ነው? አባባ፣ ይህችን ጥያቄ ኪስዎ እንዳይከቷት።

ልጅዎ ድንቢጥ


ታኅሣሥ 9

ድንቢጤ፣

ሲባጎ የሚያጥብ ሰው በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ዓይንሽን ለአፈር! ነገ ደግሞ መዶሻዬን ትቀቅይዋለሽ። መስቀያውን ግን አትንኪው። ተይው እንዳለ። ለዚያ ሽማግሌ ይበቃዋል።

ጥያቄሽን ኪሴ ከትቼ ሦስት ቀን ዞርኩ። ኪሴን ከበደኝና አወጣኋት። አዎ፣ ቤቱን እለቃለሁ። ልጁ ሊያገባ ነው፣ የራሱ ቤት ነው፣ የሚከፋ ነገር የለውም። ከሱቄ ጀርባ ጣውላ የማስቀምጥባት ጓዳ አለች፤ ባለቤቲቱ ለብቻዋ ልታከራየኝ ትችላለች። መስኮት የላትም፤ እኔም የማየው መንገድ አላጣሁም፣ ከወጣሁ መንገድ ላይ ነኝ።

ያልነገርኩሽ ልሸሽግሽ ብዬ ብቻ አይደለም። በነገርኩሽ ጊዜ «ይምጡ» ትያለሽ፤ እምቢ ልልሽ ደግሞ አልወድም። አሁንም ይምጡ እንዳትይኝ። እንግዳ የመጀመሪያ ቀን ወርቅ፣ ሁለተኛ ቀን ብር፣ ሦስተኛ ቀን ብረት ነው ይባላል። እኔ በአንቺ ዓይን ብረት ከምሆን ጓዳ ውስጥ ጣውላ ብሆን ይሻለኛል። ለወጣት ልጅ ቤት ሽማግሌ አይመችም፤ ከቀለሙም ጋር አይሄድም።

ደግሞስ ፀጉር አስተካካዩን ለማን ጥዬ እመጣለሁ? እሱ ከእኔ ሌላ ሰው የለውም። በቀን ሁለቴ በዳማ ካልተሸነፈ ምግብ አይወርድለትም። ትናንት «አንተ ከሄድክ ማንን አማለሁ?» አለኝ። እንዲህ ያለ ወዳጅ ጥሎ መሄድ ግፍ ነው።

በዚህ ነገሩ ተዘጋ። ለደባልሽ ሰላምታ አቅርቢልኝ።

አያትሽ


ታኅሣሥ 17

አባባ፣

አጭር ደብዳቤ ነው፣ ምክንያቱም ተቆጥቻለሁ።

ደባሉ እርስዎ ነዎት። ሌላ ሰው አልነበረም፣ አይኖርምም። ባለፈው ስመጣ ኮትዎን መስቀያው ላይ መስቀል ትተው ወንበር ላይ ሲጥሉት አይቻለሁ። ትከሻዎ እንደያዘዎት ያወቅኩት ያን ዕለት ነው። መስከረም ላይ ሁለት ክፍል ያለው ቤት የፈለግኩትም ለዚያ ነው፤ አንድ ክፍል ለእኔ ይበቃኝ ነበር።

ክፍልዋን እንዳሉኝ ሠርቼያታለሁ። ብርሃኑ በጎን ይመጣል። አልጋው ከግድግዳው አንድ ስንዝር ርቋል። የመስኮቱ ደረት ላይ ክርን የሚያሳርፍ ጣውላ አለ። አንዱ ግድግዳ ባዶ ነው። ሁሉም ከአሮጌ ነገር የተሠራ ነው፤ አዲስ ያሠራሁት ወንበሩንና መስቀያውን ብቻ ነው። እኔ በገዛ እጄ የቀባሁትን ክፍል አሁን ለማን ልስጠው?

እንግዳ አይደሉም። ደባል ነዎት። ደባል ደግሞ ሥራ አለበት። የወጥ ቤቴ መሳቢያ አይዘጋም። የፊት ለፊቷ ጎረቤቴ ጠረጴዛ ያነክሳል። የካርድ ክፍሉ መደርደሪያ ዘንድሮ እላያችን ላይ ይወድቃል፤ አለቃዬ «ያ የወንበር ለቅሶ የጻፈው አያትሽ መቼ ነው የሚመጣው?» ይለኛል። ኪራይዎን በመጋዝ ይከፍላሉ።

ፀጉር አስተካካዩንም ይዘውት ይምጡ። ሳሎን ላይ ፍራሽ እዘረጋለሁ፣ መስታወቱንም ለእሱ እሰጠዋለሁ። እምቢ ካለ ስልክ ቁጥሩን ይላኩልኝ፤ ራሴ ለምኜ አሳምነዋለሁ።

ድንቢጥ


ታኅሣሥ 29

ለተቆጣችው ድንቢጥ፣

ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይላሉ። እኔን ግን በሲባጎ ጣልሽኝ።

ደባልሽ ማን እንደሆነ ግን የነገርሽኝ አንቺ አይደለሽም። ኅዳር ላይ ግድግዳውን ተደግፌ ሦስተኛውን ቋጠሮ ልቋጥር ቀኝ እጄን ሳነሳ እንደ ድሮው እስከ ላይ አልዘረጋ አለኝ። «ቀኝ ትከሻው ይይዘዋል፣ ሞቶ አይናገርም» ያልሽው ያኔ ትዝ አለኝ። ቁመቱ የእኔን ያህል፣ ግትር፣ ቀልዱ የሚያደክም... ግራ እጄን አንስቼ በእሷ ልክ ቋጠርኩት። ከፍ አድርጌ፣ የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ ቁመት ላይ። ለዚያ ነው ለዚያ ሽማግሌ መስኮት፣ የክርን ጣውላ፣ የጎን ብርሃን ያዘዝኩለት። ማን መሆኑን እያወቅኩ ማን ይሰስታል? አንቺን ለማታለል ነበር የተሟገትኩሽ፤ ክፍሏን ግን በልቤ አንድ ወር ሙሉ ኖሬባታለሁ።

እምቢ ያልኩት መምጣት ስላልፈለግኩ አይደለም። መስቀያው ጋ ስደርስ እጄ ሳይደርስ እንዳይቀር ፈርቼ ነው። አንቺ ከበር ቆመሽ እያየሽ፣ ኮቴን ይዤ መቅረት።

የላክሽልኝን የታጠበ ሲባጎ ለመሞከር የደፈርኩት የቁጣ ደብዳቤሽ ከደረሰኝ በኋላ ነው። ጫፉን ወለሉ ላይ አድርጌ ግድግዳው ላይ ዘረጋሁት፣ ቀኝ እጄን አነሳሁ። ሦስተኛው ቋጠሮ ላይ አረፈ። አራት ጣት የዋሸሁትን ሳሙናሽ አራት ጣት አረመው። ድንቢጤ፣ እኔም እንደ ሲባጎው ታጥቤ ተኮማትሬያለሁ፤ አንቺም ሳታውቂ በልኬ መታሽው። ሳልሞክረው መስቀያውን አትንኪው ያልኩሽ ይህን ተስፋ አድርጌ ነበር።

ስለዚህ ደባልነቱን ተቀብያለሁ። ጥር አጋማሽ ላይ እመጣለሁ። የማመጣው መላጊያዬን፣ ሁለት መጋዝና ያን ባለ ሦስት እግር ወንበር ነው፤ የሟቹን ተተኪ እዚያ እሠራለታለሁ። የደንበኞቼንም ሲባጎዎች ይዤ እመጣለሁ፣ ባዶ ያስቀረሽልኝን ግድግዳ አገኘሁለት። የእማማን ሲባጎ ከእኔው ጎን እንሰቅለዋለን። መሳቢያሽን እስክመጣ በካልቾ አትዝጊው፣ ይብስበታል።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ፀጉር አስተካካዩን ይዘውት ይምጡ ብለሻል፣ ፍራሽ ዘርግተሽለታል፣ መስታወትሽን ሰጥተሽዋል። ይህን አንብቤ ስልክ ቁጥሩን ልልክልሽ ብዕር አነሳሁና አስቀመጥኩ።

በመስከረም መጨረሻ ሴት ልጁ መጥታ ይዛው ሄደች። ሱቁ ተዘግቷል። የሄደ ዕለት «እንደ ሻንጣ ተነስተህ ልትሄድ ነው?» ብዬ ቀለድኩበት። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩልሽ የእሱ ቃል ሁሉ ከእኔ የወጣ ነው። ሰው አጠገቤ እንዳለ ብታስቢ ደህና ትተኛለሽ ብዬ ነው። ሰማያዊ ቀለም ይወድ የነበረው ግን እውነት ነው። ስመጣ ፀጉሬን አይተሽ አትደንግጪ፤ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

ኅዳር ላይም የሲባጎውን ጫፍ በእግሩ ረግጦ የያዘልኝ የለም። ወለሉ ላይ በሚስማር መትቼው ነው የተለካሁት።

አያትሽ